የማክሰኞ በሽተኛ

ማክሰኞ ማክሰኞ እታመማለሁ። ጠዋት ቁርሴን ጥርግ አድርጌ በልቼ፣ ሱቄን ለጎረቤቴ አደራ ሰጥቼ፣ ባጃጅ ይዤ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤቱ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ የከተማ ልብሴን አወልቅና የገጠር ቀሚስ እለብሳለሁ፤ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ እከናነባለሁ፤ አንድ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ከዚያ ነጭ ጋውን የለበሱ ተማሪዎች በየተራ እየገቡ ምኔን እንደሚያመኝ ይጠይቁኛል። እኔም እያቃሰትኩ እመልሳለሁ። ሥራዬ ይኼ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን ሥራ ለሰው ማስረዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ተማሪዎቹ እውነተኛ በሽተኛ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ጤነኛ ሰው በሽተኛ ሆኖ ይቀርብላቸዋል። እሱ ላይ ይሳሳታሉ፣ እሱ ላይ ይታረማሉ፤ እውነተኛው በሽተኛ ከስህተታቸው ይተርፋል። የቤት አከራዬ ግን ይህን ስነግራቸው አማተቡ። «በደህና ሰውነትሽ ላይ ምን ቆርጦሽ ነው በሽታ የምትጠሪው? ሟርት እኮ ነው» አሉኝ። «እትዬ፣ በሽታ ስለጠሩት የሚመጣ ቢሆን ጤናም ስንጠራው በመጣ ነበር» አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም። እስከ ዛሬም ማክሰኞ ስመለስ ሰላም የሚሉኝ መስለው ግንባሬን ዳሰስ ያደርጉኛል።

ሥራውን ያገኘሁት በምላሴ ነው። ከአረብ አገር ተመልሼ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቼ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ሐኪም ለልጇ ሹራብ ልትገዛ ስትገባ፣ እኔ ቅድም የተጨቃጨቀችኝን ደንበኛ ድምጿንም የአንገቷን አሰባበርም እያስመሰልኩ ለጎረቤቴ ሳወራ ደረሰችብኝ። ሹራቡን ትታ ስትስቅ ቆየች። ከዚያ «መጥተሽ ተማሪዎቼን ታስተምሪልኛለሽ?» አለችኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ነኝ ብዬ ሳቅሁባት። «ቀለም አይደለም የምታስተምሪው፤ መታመም ነው» አለች። ቀልድ መስሎኝ እሺ አልኳት።

የመጀመሪያ ቀን ቁጭ አድርጋ የምሆናትን ሴት ነገረችኝ። ሴትዮዋ ከገጠር የመጣች ናት። ምንሽን ያምሻል ስትባል ወገቤን ትላለች። የወገቧም ነገር እውነት ነው፤ ግን ለእሱ ብላ አልመጣችም። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል፤ ያስፈራታል፣ ያሳፍራታልም። ተማሪው አሳምሮ ከጠየቃት ትናገራለች። ካልጠየቃት የወገብ ማስታገሻዋን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። «እብጠቱን እንዲሁ እንዳትሰጫቸው፤ ይድከሙበት» አለችኝ ሐኪሟ።

ያቺን ሴት አውቃታለሁ፤ ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴ የምትኖረው አንበሳሜ አጠገብ ገጠር ውስጥ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ስንዴና ጤፏን ልጆቿን ይዛ ታሳርሳለች። ለመስቀል ልጠይቃት ሄጄ፣ የበዓል ቀሚሷን ስትቀይር ድንገት ገባሁባት። ግራ ጡቷ ላይ አንድ ነገር ጉብ ብሏል፤ አጠገቡ ያለው ቆዳ ደግሞ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። አየሁት፤ ማየቴንም አየች።

«እታለም፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ምኑ?»

«ጡትሽ ላይ ያለው።»

«ወገቤን ነው የሚያመኝ» አለችና ቀሚሷን በላይዋ ላይ ሳብ አደረገች።

ስለ ጡቷ ስጠይቃት ስለ ወገቧ መለሰችልኝ። ወንዛዬ ወርዳ ፍል ውሃው ውስጥ ሰንበት ስትል እንደሚለቃት፣ አምናም እንደለቀቃት፣ ዘንድሮም አዝመራው ሲሰበሰብ እንደምትወርድ አስረዳችኝ። ሆስፒታል ስላት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ለመንኳት፣ አለቀስኩባት፣ ተቆጣኋት። ወይ ፍንክች። በመጨረሻ «ይኼን ነገር ደግመሽ ብታነሺብኝ ደጄን እንዳትረግጪ» አለችኝ፤ እህቴ ደግሞ አንዴ የተናገረችውን የምታጥፍ ሴት አይደለችም። እንዲህ ያለ እብጠት ዝም ሲሉት እንደሚገድል አውቃለሁ። ፈራሁ። እህቴ ዓይኔ እያየ ልትሞትብኝ ነው፤ እሷ ግን ጓሮ ቁጭ ብላ ስንዴ ታበጥራለች።

ስለዚህ ሐኪሟ ያቺን ሴት ሁኝ ስትለኝ ጥርሴን ነከስኩ። እህቴ ተጎትታ የምትሄድ ካልሆነች፣ ነገሩን ከአፏ የሚያወጣላት ሐኪም እፈልጋለሁ፤ ከሌለም እዚሁ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ እንዲኖር አደርጋለሁ አልኩ። ለሐኪሟ ይህን አልነገርኳትም። «እሺ፣ እሆናታለሁ» ብቻ አልኳት።

ሆንኳትም። እንደ እህቴ ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ፤ እንደ እህቴ ነጠላዬን ከደረቴ ላይ በአንድ እጄ ጨብጬ ያዝኩ፤ እንደ እህቴ ከንፈሬን ሳልከፍት ተናገርኩ። ተማሪዎቹ ደግሞ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ መጀመሪያ ላይ አንጀቴን አቃጠሉት። አንዱ ገብቶ «እንደምን አደሩ?» አለኝ። «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። «ጤናዎ እንዴት ነው?» «ደህና ነኝ፣ ተመስገን።» «ታዲያ ለምን መጡ?» አለኝ፤ የምሩን ነው። የእኛ አገር ሰው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ እንኳ እንዴት ነህ ሲባል ደህና ነኝ ይላል፤ ሰላምታው ሳያልቅ ሕመሙን አያነሳም። ልጁ የሩቅ ከተማ ልጅ ስለሆነ አልፈረድኩበትም።

ሌላዋ ደግሞ የምትጠይቀውን ወረቀት ላይ ጽፋ ይዛ፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሳ፣ ጓደኞቿ ከመጋረጃው ማዶ እየሰሙ «ጡትዎ ላይ እብጠት አለ?» ብላ ጮክ አለች። «ኧረ የለም» አልኳት። የለም ብላ ምልክት አደረገችና ስለ ሽንቴ መጠየቅ ቀጠለች። ያቺ ሴት ማስታገሻዋን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች ማለት ነው። ለእነሱ ልምምድ ነው፤ እኔ ግን እህቴ በመጣችበት መንገድ ስትመለስ ይታየኛል።

ጥያቄው ሲያልቅ ነጠላዬን አውርጄ፣ ራሴን ሆኜ የተሰማኝን እነግራቸዋለሁ። ደንቡ እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ የተሰማኝን ብቻ ተናግሮ ማቆም የት አውቄበት። ለዚያች ልጅ ልክ ልኳን ነገርኳት። «ከብት ሲነዳ እንኳ እንዲህ አይጮህም» አልኳት። እያለቀሰች ወጣች። ሐኪሟ ጠራችኝና በሩን ዘጋች። «አስተምሪልኝ አልኩሽ እንጂ ስደቢልኝ አላልኩሽም። እነሱ ምን እንደሆኑ አትንገሪያቸው፤ አንቺ ምን እንደሆንሽ ንገሪያቸው» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሴትዮዋን ሳያክሙ የሸኙት እነሱ፣ የምወቀሰው እኔ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ልክ ነበረች። ከሚቀጥለው ማክሰኞ ጀምሮ «ጮክ ስትል አፌ ተዘጋ፤ ወደ ቤቴ መሄድ አማረኝ» ማለት ለመድኩ። ከስድቤ ይልቅ ይኼ ይገባቸው ነበር።

እየቆየ ሐኪሟ ሌላ ሕመም ልትሰጠኝ ሞከረች። ስኳር አለ፣ አስም አለ፣ ያቺን ሴት ሌላ ሰው ይሁናት አለችኝ። እኔ ይቺን አልለቅም አልኩ። ለምን ብላ ስትይዘኝ እውነቱን ነገርኳት። «በግድ እንዳታመጫት። በግድ የመጣ ሰው ገላውን እንጂ ነገሩን ይዞ አይመጣም» አለችኝ። እሺ አልኳት፤ በአፌ።

ከተማሪዎቹ መሀል ከጋይንት የመጣ አንድ ረጅም ልጅ ነበር። መጀመሪያ ቀን ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ሰላምታውን አሳምሮ፣ ስለ አዝመራው ሁሉ ጠይቆኝ፣ ወገቤን አዳምጦ፣ ጡት የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ላቡ ወረደ፤ ዘለለው። እናቱን የምታህል ሴት ስለ ጡቷ መጠየቅ ነውር ሆኖበት ነው። ወደቀ። ሌላ ቢሆን ያኮርፋል፤ እሱ ግን በረንዳው ላይ ጠብቆ «እትዬ፣ እንደገና ይታመሙልኛል?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እስክችል።»

ታመምኩለት። ሐኪሟ ክፍሉን ፈቀደችልን፤ ማክሰኞ ባልሆነ ቀንም እየሄድኩ ታመምኩለት። ጉና ተራራ ላይ በረዶ ወርዶ ከተማው በብርድ ሲንዘፈዘፍ እኔ በስስ ቀሚስ አልጋ ጫፍ ላይ ነበርኩ። አንዳንድ ቀን ቃሉ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። አንዳንድ ቀን ፍርሃቱን ለመጨረስ ብሎ ቶሎ ያፈርጠውና እኔ «የለም» እለዋለሁ። ይወጣል፣ ይገባል፣ እንደገና እንደምን አደሩ ይለኛል። እሱም ግትር፣ እኔም ግትር፤ ጥሩ ተገናኘን።

አንድ ቀን ስለ ወገቤ ጠይቆ ሲጨርስ ወንበሩን ትንሽ አስጠጋ። «እናቴ፣ ወገብዎን ሰማሁ። ወገቡን የሚያመው ሰው ግን ደረቱን እንዲህ አይሸፍንም። የሚያስፈራዎ ሌላ ነገር ካለ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል፤ እዚህ ከእኔ ሌላ የሚሰማ የለም» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። አላጣደፈኝም፣ ሰዓቱን አላየም፣ ቃል አላቀበለኝም። እኔ እንደተሰጠኝ ከሆነ መጀመሪያ «ምንም የለም» ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። እንባዬ መጣና ሁሉንም ነገርኩት። አገኘሁልሽ አልኳት እህቴን በልቤ።

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ተመደበ። ከበላዩ ሐኪም አለ፤ መጀመሪያ በሽተኛውን የሚያናግረው ግን እሱ ነው። ሄጄ «አንዲት በሽተኛ አመጣልሃለሁ፤ የእውነት ናት» አልኩት። ማን እንደሆነች ፊቴን አይቶ የገባው መሰለኝ። «ሐሙስ ጠዋት ይዘዋቸው ይምጡ» አለኝ።

እንዴት አድርጌ? ስልክ ደወልኩላትና፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ታምሜያለሁ አልኳት። ድምፄን እንዴት እንደማደክመው መቼም ልምዱ አለኝ። «እታለም፣ ሐሙስ ሐኪም ሊያየኝ ነው፤ ሰው የለኝም፣ አስታምሚኝ።» በእኛ ዘንድ ሰው ብቻውን ሐኪም ቤት አይሄድም፤ አስታማሚ ሁኝልኝ የተባለች ደግሞ እምቢ አትልም። ረቡዕ በሶና ቅቤ ተሸክማ ከሚኒባስ ወረደች። ግንባሬን በመዳፏ ይዛ «ምን አገኘብኝ ልጄን?» ስትል እውነቱን ልናገር ነበር። ግን ከፈለገች ዕድሜ ልኳን ትቀየመኝ፤ ብቻ ትኑርና ትቀየመኝ አልኩ።

ሐሙስ ተራችን ደርሶ ገባን። ልጁ ተነስቶ ለሁለታችንም ወንበር ሰጠን። በሩ እንደተዘጋ «የታመምኩት እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት» አልኩ። እህቴ አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች።

«እናቴ፣ መሄድ ይችላሉ፤ ማንም አይይዝዎትም» አላት ልጁ። «ግን ከሩቅ ነው የመጡት፤ ትንሽ አረፍ ሳይሉ ባይሄዱ ደስ ይለኛል።»

ይሉኝታ ይዟት ተመልሳ ቁጭ አለች። ስለ መንገዱ ጠየቃት፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ስንዴው። ሁሉም ደህና ነው፣ ተመስገን። ከዚያ ቀስ ብሎ ምኗን እንደሚያማት ጠየቃት።

«ጡቷን ነው» አልኩ እኔ። «ግራ ጡቷን። ያየሁት ለመስቀል ነው፤ ከዚያ በፊትም ሳይኖር አይቀርም።»

«ወገቤን ነው» አለች እህቴ ከነጠላዋ ሥር።

«ወገቧን አይደለም። ቆዳው እኮ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ በዓይኔ ነው ያየሁት።»

ወደ እሷ እያየ ሌላ ጠየቃት፤ እኔ መለስኩ። ያማት እንደሆነ፣ ምግብ ትበላ እንደሆነ፣ የወር አበባዋ መቼ እንደቆመ ሳይቀር እኔው መለስኩ። በእኛ አገር አስታማሚ እንደዚያ ነው፤ በሽተኛ ይቀመጣል፣ አስታማሚ ያወራል። እኔ ደግሞ እሷን ሆኜ ስንት ማክሰኞ የተቀመጥኩ ሴት ነኝ፤ ሕመሟን ከእሷ በላይ የማውቀው መስሎኝ ነበር። እህቴ በየቃሌ እያነሰች፣ እያነሰች፣ ወንበሩ ላይ ልትጠፋ ደረሰች።

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ውጭ ይጠብቁን» አለኝ።

«እኔ?»

«አዎ። የእርስዎን ሰምቻለሁ። አሁን የእሳቸውን መስማት እፈልጋለሁ።»

ነደደኝ። ያንን ቃል ከጉሮሮው ያወጣሁለት እኔ፣ በዚያ ብርድ የታመምኩለት እኔ፣ እህቴን አታልዬ ያመጣሁለት እኔ፣ ውጪ የምባለውም እኔ? የምመልስለትን አዘጋጅቼ እህቴን አየኋት። አንገቷን እንደደፋች ነው፤ ግን እንድወጣ እየጠበቀች ነበር። አፌን ይዤ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ጆሮዬን በሩ ላይ ልለጥፍ ተነስቼ አፍሬ ተመለስኩ። ባትናገርስ? ዛሬ ሳትናገር ከወጣች ደግማ የሐኪም ቤት ደጅ አትደርስም፤ እኔንም ዓይንሽን ለአፈር ትለኛለች። ያን ሁሉ ደክሜ ደክሜ፣ መጨረሻ ላይ በገዛ አፌ አበላሽቼው ይሆናል። እመብርሃንን ተለማመጥኳት። ውስጥ ለረጅም ጊዜ ድምፅ አልነበረም። ከዚያ የእህቴ ድምፅ መጣ። ቃሉ አይለይም፤ ግን እሷው ናት፣ ታወራለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ታወራለች። ሌላ ሰው አላቋረጣትም። ቆይቶ የልጁ የበላይ የሆነችው ሐኪም ተጠርታ ገባች፤ የመጋረጃው ቀለበት ሲንሸራተት ሰማሁ።

ልጁ ወጣ። «ለተጨማሪ ምርመራ ባሕር ዳር እንልካቸዋለን። ምን እንደሆነ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ለመሄድ ተስማምተዋል» አለኝ።

«ምን ብላ ነገረችህ?»

«ከፈለጉ እሳቸው ይነግሩዎታል» አለኝና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ። ተናድጄበት ኮራሁበት።

ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጣች። እኔም ጎን ጎኗን እየሄድኩ መቻል አቃተኝ።

«ተቀየምሽኝ?»

«ዋሽተሽ አመጣሽኝ።»

«ዋሸሁ።»

«ያ ልጅ ፊት ገመናዬን ዘረገፍሽው።»

«ዘረገፍኩት።»

ባጃጆቹ የሚቆሙበት ስንደርስ ቆመች። ሰው እየገፋን ያልፋል። «እብጠቱንማ አንቺው ለፍልፈሽለታል» አለች። «እኔ የነገርኩት ሌላ ነው። አፍራ ነው ብለሽ ገምተሻል አንቺ። ይኼን ሁሉ ልጅ የወለድኩ ሴት ከሐኪም ምን የሚያሳፍር አለኝ? ዕድሜሽን በሰው ቤት ጨረስሽ። ተመልሰሽ ሱቅሽን ከፍተሽ፣ ሳቅሽ ተመልሶ፣ ገና ለራስሽ መኖር ስትጀምሪ፣ እኔን ተሸክመሽ ከሆስፒታል ሆስፒታል እንድትንከራተቺ አልፈለግሁም። ብነግርሽ እንደማትተዪኝ አውቃለሁ። ለእሱ ይኼን ነገርኩት።»

ያን ሁሉ ጊዜ እሷን ሆኜ ስቀመጥ፣ ስታፍር አድርጌ ሠርቻታለሁ፣ ስትፈራ አድርጌ ሠርቻታለሁ። አንድም ቀን ለእኔ ስትሳሳ አድርጌ አልሠራኋትም። እዚያው መንገድ ላይ እንባዬ ወረደ።

«ተይ፣ ሰው ያያል» አለች።

«ይይ። ነገ በመጀመሪያው መኪና ባሕር ዳር እንሄዳለን።»

«ሱቅሽስ?»

«ይዘጋ።»

ልትከራከረኝ አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችውና ክንዴን ያዘች።